ከዲስኩ የጠፋው ጓዳ

ጥቅምት 8

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት በደህና ያግኝህ። ያለህበትን ብርድ ፈጣሪ ያቅልልህ፤ በምትወጣበትም በምትገባበትም ደግ ሰው ይግጠምህ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርታቸው ላይ ናቸው። ወንድምህም ሰላም ብሎሃል።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገሩ በስልክ የሚሆን ስላልሆነ ነው። አንተ ስታስረዳኝ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ አንዱም ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። አንተም እንዲሁ ጻፍልኝ፤ ግድግዳው ላይ ለጥፌ አንድ በአንድ እከተለዋለሁ።

ጉዳዩ ሰው ሠራሽ እግር የምንሠራበት ወርክሾፕ ኮምፒውተር ነው። እንደምታውቀው ሲበራ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ በየትኛው ልግባ ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንደኛው ዊንዶውስ ነው፤ የልጆቹ ፎቶ፣ የእኔ የቆዳና የማሰሪያ ትዕዛዝ፣ ፊልሙም ሁሉ እዚያ ነው። ሌላው ሊኑክስ ነው፣ ወንድምህ «ጓዳዬ» የሚለው። የሰዎቹ እግር ሁሉ ያለው ጓዳው ውስጥ ነው። በስካን ያነሳው የተቆረጠ እግር ጉቶ፣ አርሞ ያስተካከለው ቅርጽ፣ መቅረጫው ማሽን የሚያነበው ፋይል፣ አንድ ሳይቀር።

ሰሞኑን ምርጫው ቀርቶ ጥቁር እስክሪን ላይ አንዲት መስመር ብቻ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ሰፈራችን ያለውን ስልክ ጠጋኝ ጠራሁት። ሲያበራው አንድ ቁልፍ ተጭኖ በዊንዶውስ አስገባኝ። ጓዳው ግን የለም። «ይሄኛው ባዶ ቦታ ነው፣ ከዚህኛው ጋር ልቀላቅልልሽና ሰፊ ይሁንልሽ» አለኝ። እጁን ያዝኩት። «ተወው፣ አትንካው» ብዬ አመስግኜ ሸኘሁት። ልክ ነበርኩ ወይስ አጠፋሁ?

ደንበኛችን ግንበኛው የሰው ሠራሽ እግሩ ማቀፊያ፣ ያ ጉቶው የሚገባበት፣ ተሰንጥቆበት በምርኩዝ ይመላለሳል። ሥራ ከፈታ ሰነበተ። እኔ ማሰሪያውን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ቅርጹ ከተገኘ ሌላ ማቀፊያ ይወጣለታል። ካልተገኘ እንደገና ጄሶ ጠቅልሎ ልክ መውሰድ ነው፤ እሱ ደግሞ ለጊዜው አይመቸንም።

መልስህን እጠብቃለሁ።

እትዬ


ጥቅምት 10

ለእትዬ፣ ለወንድሜ ባለቤት፣ በልጅነቴ ቤቷን ከፍታ ላሳደገችኝ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ዓይንሽና እጅሽ አይድከም። እኔ ያው ነኝ። ቀን መጋዘኑ ውስጥ የዕቃ መቁጠሪያ ኮምፒውተሮችን ሳስታምም እውላለሁ፣ ማታ ከጎማ ቤቱ በላይ ወዳለችው ክፍሌ እገባለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ በየካቲት ይታያል ተብያለሁ። ጠበቃዋ «እስከዚያ ድንበር እንዳትሻገር፤ ከወጣህ ፋይልህ ተዘጋ ማለት ነው» ብላኛለች። እንግዲህ መጠበቅ ነው።

ልክ ነሽ! ሺህ ጊዜ ልክ ነሽ! ያን ሰውዬ ባትከለክዪው ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስኩ አንድ ሆኖ ለሁለት ተከፍሏል። ከፊቱ ላይ ደግሞ «ከዚህ እስከዚህ የእንትና፣ ከዚያ ወዲያ የእንትና» የሚል ትንሽ ማውጫ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዕቃው አይደለም፣ ማውጫው ላይ ያለችው መስመር ናት። መስመሯ ስትጠፋ ኮምፒውተሩ ቦታው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ ባዶ ነው ብሎ ካመነ ሌላ ነገር ሊጽፍበት ይችላል። ከተጻፈበት የለም።

ስለዚህ ፊልም አይጫን፣ ፎቶ አይገልበጥ፣ አዲስ ፕሮግራም አይግባ። «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ከጠየቀሽ እንቢ በዪው፤ ደጋግሞ ቢለማመጥሽም እንቢ። አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቺውና የዲስኩን ክፍልፍል የሚያሳየውን መስኮት አውጪ። ከታች በግራ ያለውን የዊንዶውስ ምልክት በማውሱ ቀኝ ስትጫኚ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ታገኚዋለሽ። የሚታየውን ፎቶ አንሺልኝና አጥፊው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የዲስክ ክፍልፍል ምን እንደሆነ ለእኔ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ነው። እዚያው ወርክሾፕ፣ የጄሶ አቧራ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀምጦ። ይህን ነገር ከእኔ በፊት እሱ ያውቀዋል። ለምን እሱ አልጻፈልኝም? ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው ነው። ተቀይሞኝ ይሆን?

ታናሽሽ


ጥቅምት 15

ለወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ሁለት ረጃጅም ሳጥኖች ይታያሉ፤ አንደኛው አናቱ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው፣ ሌላው ጥቁር። ጥቁሩ ሥር «ያልተመደበ» ይላል። ያልተመደበ! የስንት ሰው እግር እንዳለበት ባወቀ።

ወንድምህ አልተቀየመህም። ምን አድርገኸው ይቀየምሃል? ሥራ ስለበዛበት ነው። ስልኩም አንዳንዴ ድምፅ የለውም።

የምትተኛበት ክፍል ይሞቃል? ጠበቃዋ ተስፋ ሰጠችህ? እሱን በደንብ ጻፍልኝ።

እትዬ


ጥቅምት 16

ለእትዬ፣

እንደምን ዋልሽ። ፎቶውን አየሁት። ደስ የሚለው፣ ጥቁሩ ሳጥን ልክ የጓዳውን ያህል ነው፤ ማንም አልነካውም። ተስፋ አለ።

ደስ የማይለውን ደግሞ ልንገርሽ። መብራት ቢቆራረጥ፣ ዲስኩ ቢያረጅ፣ እንዲህ ጥርት ብሎ አይጠፋም። ይህ የሰው ሥራ ነው። አንድ ሰው ያን ክፍል መርጦ «ይሰረዝ» ብሏል። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠይቆታል፤ «አዎ» ብሏል። ማን ነው?

ቢያንስ የጓዳውን ያህል የሚይዝ ባዶ የውጭ ዲስክ ያስፈልገናል፤ የዲስኩን ቅጂ ሳንይዝ ፍለጋ አንጀምርም። የሚታከም ሰው ላይ አይለማመዱም። ፕሮግራሙ ያለበትን ፋይል ልኬልሻለሁ፤ ስልክ ጠጋኙ ፍላሽ ላይ ይጫንልሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አሁን አልጽፍልሽም።

እትዬ፣ አትቆጪኝ። ጋሼን በስልክ አገናኚኝ። «ጤና ይስጥልኝ» ይበለኝና ይዝጋው፣ ይበቃኛል። ድምፁን ሳልሰማ ቀጣዩን አልጽፍም። ይህን የምለው ለግንበኛው ሳላዝን ቀርቼ አይደለም።

ታናሽሽ


ኅዳር 9

ለወንድሜ፣

የዛሬው ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ይቅር በለኝ። ይህችን ደብዳቤ ጀምሬ ስተው፣ ጀምሬ ስተው ነው የሰነበትኩት።

ወንድምህ ታሟል። በመስከረም መጀመሪያ ነው። ፕላስቲኩን ከምድጃው አውጥተን በጄሶው ቅርጽ ላይ እየሳብን ነበር። ትኩስ ፕላስቲክ ፋታ አይሰጥም፤ እሱ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ይዘን እንጎትታለን። በመሃል የእሱ ወገን ላላ። «ያዝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። ዝም ብሎ አየኝ። ቀኝ እጁ ወርዳለች፤ ፕላስቲኩ ክንዱ ላይ ተለጥፎ እያቃጠለው አይሰማውም።

ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ እየተመለሰለት ነው፣ በከዘራ ይራመዳል። ቀኝ እጁ ገና ናት። የባሰው ግን ቃሉ ነው። የምንለውን አብዛኛውን ይሰማል። መናገር ሲፈልግ የምትወጣው አንዲት ቃል ናት፣ «ሰኞ»። ውሃ ሲጠማው ሰኞ ነው፣ ሲቆጣ ሰኞ ነው፣ ልጁ ጉንጩን ስትስመውም ሰኞ ነው። አንድ ቀን ማክሰኞ ቢል ድግስ እደግሳለሁ ብዬው ሁለታችንም ሳቅን። ስንስቅ እንደ ድሮው ነው። ፊደልም ጠፍቶበታል። ገጹን ያየዋል፣ ያየዋል፣ ያስቀምጠዋል።

ማን ሰረዘው ብለሃል። እሱ ነው። ትዕዛዝ ልይ ብዬ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ከፍቼ ወደ ውጭ ወጣ አልኩ። ስመለስ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ በግራ እጁ ማውሱን ይዞ ጓዳውን እየፈለገ ነው። ከታመመ ወዲህ ከዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ስለነበር ደስ ብሎኝ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አንድ ነገር ተጫነ፣ ደግሞ ተጫነ፤ ከዚያ ደነገጠ። ወዲያው አጥፍቶ ሲያበራው ያቺ መስመር መጣች። ወደ እኔ ዞረና «ሰኞ» አለኝ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እናታችሁን ስንቀብር እንኳ።

ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለህ። ገና ሆስፒታል ሳለን ልደውልልህ ስልኬን አወጣሁ። በግራ እጁ ያዘና ጨምቆ አልለቅ አለኝ። «ወንድምህ አይደል? ልንገረው እንጂ» አልኩት። በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። ገባኝ። አንተ ይህን ከሰማህ በማግስቱ ትነሳለህ። ከተነሳህ ስንት ዓመት የጠበቅከው ወረቀት ውሃ በላው። አንተ ስትሄድ ጣቢያው ላይ ምን ያህል ቆሞ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። እንዲያ ቆሞ የሸኘህ ለዚህ አይደለም።

ድምፁን አሰማሃለሁ ልልህ አልችልም። ደብዳቤ ያልኩህም ለዚሁ ነበር፤ በስልክ ብንነጋገር «ስጪኝ ጋሼን» ማለትህ አይቀርም።

ዲስኩን ገዝቻለሁ። ፍላሹም ተጭኗል። መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

እትዬ


ኅዳር 14

ለእትዬ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ ጠፋኝ።

ያነበብኩት መጋዘን ውስጥ ነው፣ በካርቶን ክምሮች መሃል ቆሜ። አለቃዬ «ምነው?» አለኝ። «ወንድሜ» አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣልኝም። ያኔ ጋሼ ትዝ አለኝ፤ አንድ ቃል ብቻ ይዞ መቅረት ምን እንደሆነ ቅንጣት ያህል የገባኝ መሰለኝ።

ጠበቃዋ ዘንድ ሄድኩ። «መሄድ መብትህ ነው፣ መመለስ ግን የለም» አለችኝ። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼዋለሁ፤ ልብስ ከትቼ መልሼ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ና ካላችሁኝ እመጣለሁ። አንቺን ግን አልጠይቅሽም፣ አንቺ «አርፈህ ተቀመጥ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብቢለትና እሱን ጠይቂልኝ። እሱ ያለውን እቀበላለሁ።

ሌላም ነገር ንገሪልኝ። ጮክ ብለሽ ንገሪልኝ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል ማንበብ አይችልም። በዚያ መስኮት ውስጥ ቀኝ ስትጫኚበት የሚመጣው ዝርዝር ሁሉም ደብዝዞ አይሠራም፤ ክፈት የለም፣ አሳየኝ የለም። ጎልቶ የሚታየውና የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፤ «ሰርዝ» የሚለው። ማንበብ ያቃተው ሰው የበራውን ይጫናል። እኔም ብሆን የበራውን ነበር የምጫነው። ጋሼ ጓዳውን አላፈረሰም፣ በሩን ሲፈልግ ነው። ይህን ይወቅልኝ።

አሁን ሥራው። ፍላሹንና ዲስኩን ሰክተሽ አብሪው፤ ስልክ ጠጋኙ የተጫናትን ቁልፍ ተጭነሽ ፍላሹን ምረጪ። መጀመሪያ ጥቁሩ ሳጥን ሙሉውን ወደ ውጭው ዲስክ ይገልበጥ። ከየት ወደ የት እንደሆነ ሁለት ጊዜ አረጋግጪ፤ ከተገላበጠ ባዶውን በሙሉው ላይ ማፍሰስ ነው። ይቆያል፣ ሲቆይ አትደንግጪ። ከዚያ ፈላጊውን ፕሮግራም ክፈቺና «መርምር» በዪው። ፈጣኑ ፍለጋ ምናልባት ምንም አያገኝም። ተስፋ አትቁረጪ፣ ጥልቁን አስጀምሪው። ሊኑክስ የሚል መስመር ሲመጣልሽ እንዳትጽፊ፤ መጀመሪያ ፒ የምትለዋን ፊደል ተጫኚና ውስጡን እዪ። የምታውቂያቸው ፋይሎች ከታዩሽ ብቻ ወደ ኋላ ተመልሰሽ «ጻፍ» በዪ።

ከከበደሽ ተዪው። ከዲስኩም ከግንበኛውም አንቺና እሱ ትበልጡብኛላችሁ።

ታናሽሽ


ኅዳር 29

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ልብህ ይረፍልህ። ብዙ የምጽፈው አለኝና ፋታ ስታገኝ አንብበው።

ደብዳቤህን እንዳልከው ለወንድምህ አነበብኩለት። «የበራውን ይጫናል» የሚለው ጋ ስደርስ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። ደገምኩለት። አሁንም ጣቱን አላነሳም። ሦስተኛ ሳነብለት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበ። እስከዚያን ዕለት ወርክሾፑን ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር።

እኔ ተጫንኩ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ አየ። ፊደሉን ባያነብም መልኩን ያውቀዋል፤ ስሳሳት እጄን ይይዘኛል። አንድ ጊዜማ አቅጣጫውን ላገላብጥብህ ነበር። ከተዘረዘሩት ሁለት ዲስኮች ባዶው የቱ እንደሆነ ተምታቶብኝ ልጫን ስል አንጓዬን ጥፍሩ እስኪሰማኝ ጨመቀው። «ሰኞ!» አለ። እንዲህ ያለ ቁጣ ከጠፋ ስንት ጊዜው! ሳቄ መጣ፤ ላብም አጠመቀኝ።

ግልባጩ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ፈጣኑ ፍለጋ እንዳልከው ዊንዶውሱን ብቻ አሳየና ዝም አለ። ጥልቁን አስጀምረን ተቀመጥን። እኔ የቆዳ ማሰሪያ እሰፋ ነበር፣ እሱ ቁጥሩ ሲሄድ ያያል። ከሰዓት በኋላ ሊኑክስ የሚል መስመር ወጣ። ፒን ተጫንኩ። ወንድምህ ፋይሎቹን በሰው ስም አይጠራም፣ በሥራቸው ነው የሚጠራቸው። ግንበኛው። ፖስተኛዋ። ሾፌሩ። ልብስ ሰፊው። የመዘምራኑ መሪ። አንዱን ባነበብኩ ቁጥር እሱ ጉልበቱን መታ ያደርጋል። «ልጻፍ?» አልኩት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጻፍኩ። አጥፍቼ አበራሁት። ያ ጥቁር እስክሪን «በየትኛው ልግባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈጣሪ እጅህን ይባርክልኝ ወንድሜ። በዚያ ሰዓት ብታቅፈኝ ምንኛ በወደድኩ።

የግንበኛውን ፋይል ሆስፒታል ያለው የወንድምህ የሙያ ጓደኛ ወስዶ ቅርጹንም ማቀፊያውንም አወጣልን። ጉቶው ትንሽ ሟሽሿልና ወፍራም ካልሲ ጨመርንለት። ከበሩ እስከ ምድጃው ተራምዶ ተመለሰ፤ ወንድምህ አካሄዱን እያየ በከዘራው ወደ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ጠቆመ። ብሎኑን ጠበቅ ስናደርገው ተስተካከለ።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ንግግር የምታለማምደው ሐኪም ደስ የሚለውን ነገር አሳዩት ብላን ነበርና ጓዳውን ከፈትኩለት። በግራ እጁ አንዱን ቅርጽ ከፈተ። እስክሪኑ ላይ አንድ ጉቶ ይሽከረከራል፣ አጭር፣ ጎኑ ላይ የስፌት ጠባሳ ያለበት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። «ግን… ግንበኛ» አለ።

መርፌዬ ወደቀ። ሌላውን ከፈተ። «ፖስተኛ።» ሌላ። «ሾፌር።» ቆየት ብሎ፣ «ቀኙ።» እውነትም የሾፌሩ ቀኝ እግር ነው! ልጆቹን ጠራኋቸው፣ ሁላችንም ከጀርባው ቆምን። «እኔስ አባባ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለችው ትንሿ። አያት፣ ፊቷን ዳሰሳት፣ «ሰኞ» አላት። ወደ እኔም ዞሮ እንደዚያው። አልዋሽህም፣ ከፋኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አልቅሼ ተመለስኩ። ሐኪሟ እንዲህ ይሆናል፣ ቃል ከየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም፣ በመጣበት በር ተቀበሉት አለችኝ። እሺ ብያለሁ። እየተቀበልኩ ነው።

ስለ መምጣትህ ጠየቅኩት። «ይምጣ?» ስለው ወረቀትህን በእጁ ገፋው። ገፍቶት ሳይጨርስ መልሶ ሳበውና ደረቱ ላይ ያዘው። ሁለቱንም ነግሬሃለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ልደብቅህ አልፈልግም። እኔ የሚገባኝ ወረቀትህን ጨርስ፣ ከዚያ ና ማለቱ ነው። ሻንጣህን መልሰህ ከአልጋው ሥር ክተተው። እሁድ ደግሞ ደውል። ፊትህን ይይ፤ «ሰኞ» ቢልህ አትደንግጥ፣ አንተም «ሰኞ» በለው። ከእንግዲህ ስልኩን አልደብቀውም።

ልጨርስ። ትናንት የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ቅርጽ ከፈተ። ታስታውሰው ይሆናል፣ አንተን ሲያይ ባርኔጣውን የሚያነሳው። ባለፈው ዓመት ነው ያረፈው፤ ልጆቹ ከነሰው ሠራሽ እግሩ ይቀበር ስላሉ ወንድምህ ራሱ ነው ያሰረለት። እስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ብዙ አየው።

«ዘበኛው» አለ። ከንፈሩ ሲሠራ አያለሁ፣ ቃል ግን አላቀበልኩትም። «ዘበኛው… የለም» አለ።

ከታመመ ወዲህ ሁለት ቃል አገናኝቶ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ። እሱ ግን ደስ አላለውም። ግራ እጁን ከማውሱ አንስቶ ደረቱ ላይ አደረገና ዓይኔን አየኝ።

«እኔስ?» አለኝ።

«አንተማ አለህ» አልኩት።

አልበቃውም። «እኔስ?»

«አለህ። ይኸው እዚህ ነህ። አጠገቤ።»

ብዙ ካየኝ በኋላ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀና ማውሱን ይዞ የሚቀጥለውን ከፈተ።

እትዬ